ማን ይቅደም? የባሮ ዳር ነጋዴ የኢንተርኔት ወረፋ

በጋምቤላ ከተማ የሚነግድ ሰው ሁለት መንገዶች ያስጨንቁታል። አንደኛው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ቁልቁል ወደ ባሮ የሚወርደው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የመኪና መንገድ ነው። ሁለተኛው በዓይን አይታይም። የቴሌብር ክፍያ፣ የባንክ ሐዋላ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የደላላ ጥሪና የቴሌግራም መልእክት የሚመላለሱበት የኢንተርኔት መስመር ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሲጨናነቅ ጭነት ይዘገያል። ሁለተኛው ሲጨናነቅ ደግሞ ገዢው ባንኮኒው ፊት ቆሞ፣ ገንዘቡም ሒሳቡ ውስጥ እያለ ሽያጩ ይቀራል።

እንዲህ ሲሆን ነጋዴው ቶሎ የሚታየው መፍትሔ ሰፋ ያለ መስመር መግዛት ነው። በሰፊ መስመር የሚጠላ የለም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ችግሩ የመስመሩ መጥበብ ብቻ ሳይሆን፣ በመስመሩ ላይ የተሰለፈው ወረፋ ተራ አስከባሪ የሌለው መሆኑ ነው። ይህንን ሥራ ሊሠራ የሚችለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ተገዝቶ ተቀምጧል፤ ሱቁ ጥግ ላይ ተሰቅሎ አቧራ የሚጠጣው ራውተር ነው። የጎደለው ለራውተሩ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይጠብቅ።

2,400 ቢት እንዴት ሽያጭ ያስቀራል?

ሒሳቡን እንየው። አንድ የጅምላ መደብር በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚቀበልና 1 ሜጋ ቢት የሚልክ መስመር አለው እንበል። የካርድ መክፈያ ማሽን ወደ ባንክ የሚልከው የክፍያ ጥያቄ በጥቂት መቶ ባይት የሚለካ ትንሽ መልእክት ነው። 300 ባይት ብንለው 2,400 ቢት ይሆናል። ይህ በ1 ሜጋ ቢት መላኪያ ላይ ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ ሺኛ 2.4 ብቻ ነው። መስመሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ ነጋዴው ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት አንዲት ቃል ባልተናገረ ነበር።

መስመሩ ግን ባዶ አይደለም። ከሠራተኞቹ የአንዱ ስልክ ከመደብሩ ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ በሠርግ የተነሱ 20 ፎቶግራፎችን ወደ ውጭ አገር ማከማቻ መላክ ይጀምራል። እያንዳንዱ ፎቶ 5 ሜጋ ባይት ቢሆን ድምሩ 100 ሜጋ ባይት፣ ማለትም 800 ሚሊዮን ቢት ነው። በ1 ሜጋ ቢት መስመር ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በነዚህ 13 ደቂቃዎች ውስጥ ከሞደሙ መውጫ ላይ የሚጠብቅ ወረፋ ይፈጠራል። ሞደሙ 250 ሺህ ባይት ያህል የማቆያ ቦታ ካለው፣ ወረፋው ሲሞላ 2 ሚሊዮን ቢት ይሆናል፤ ለማለፍም 2 ሰከንድ ይፈልጋል። አሁን የመጣው የክፍያ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ፎቶ ኋላ ይሰለፋል ማለት ነው። ለ2.4 ሺኛ ሰከንድ ሥራ 2 ሰከንድ ይጠብቃል።

2 ሰከንድ ብዙ አይደለም የሚል ይኖራል። ነገር ግን አንድ ክፍያ በአንድ መልእክት አያልቅም። ማሽኑና ባንኩ በመጀመሪያ ይተዋወቃሉ፤ ቀጥሎ የምሥጢር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄውና መልሱ የሚመጣው። 5 ጊዜ ቢመላለሱ 10 ሰከንድ ሆነ። በዚህ መሃል መተግበሪያው ተስፋ ቆርጦ “እንደገና ይሞክሩ” ይላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ክፍያው ባንክ ደርሶ ተፈጽሞ፣ ማረጋገጫው ብቻ በመዘግየቱ ገዢው ሁለተኛ እንዲከፍል ሲጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር የፍጥነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመተማመን ጉዳይ ይሆናል።

ለዚህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገደማ ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ “ባፈርብሎት” የሚል ስም አውጥቶለታል፤ የማቆያው ከልክ በላይ ማበጥ እንደማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ነጋዴው መላኪያውን ወደ 2 ሜጋ ቢት ቢያሳድግ ወረፋው ከ2 ሰከንድ ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል፤ አይጠፋም። የሠርጉ ፎቶ 2 ሜጋ ቢቱንም ይሞላዋል። ክፍያው ጨመረ፣ ተራው ግን እንደነበረ ነው።

ባሮ ወረፋን ያውቃል

ጋምቤላ ለጠባብ መንገድና ለመጫኛ ተራ እንግዳ አይደለችም። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቅደው ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። የግሪክ ነጋዴዎች መጋዘን ከፈቱ፤ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወርዶ በእንፋሎት መርከብ በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ወደ ካርቱም ተጫነ። ጨውና ጨርቅ በዚያው ተመለሰ።

መርከቡ ግን ዓመቱን ሙሉ አይመጣም። ባሮ የሚሸከመው ውኃው ሲሞላ፣ ከሰኔ ገደማ እስከ ጥቅምት አካባቢ ብቻ ነው። ከመጨረሻው መርከብ የቀረ ከረጢት ሌላ ክረምት ይጠብቃል። ማጓጓዣው ጠባብ፣ ወቅቱም አጭር ሲሆን የመጫኛ ተራ ራሱ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ተዘጋ። የያኔው ነጋዴ “ቡናዬ ከምን ቀድሞ ይጫን?” የሚለውን ጥያቄ ለጀልባ ቀዛፊ ይተወው ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። የዛሬው ነጋዴ ግን ይህንኑ ጥያቄ ራውተር ሊተክል ለመጣ ልጅ ትቶ ይሄዳል።

ተራ አስከባሪው ምኑን ያያል?

በኢንተርኔት ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ ክፍያም ይሁን ፊልም፣ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው የሚጓዘው። የአንዱ ጥቅል መጠን በአብዛኛው ከ1,500 ባይት አይበልጥም። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለ። ራውተሩ ማንም ካልነገረው በስተቀር ቀድሞ የመጣውን ቀድሞ ያሳልፋል። ምደባ ማለት ጥቅሎቹን በመልካቸው ለይቶ በተለያየ ሰልፍ ማቆም፣ ከዚያም ከየትኛው ሰልፍ ምን ያህል እንደሚያልፍ መወሰን ነው። መናኸሪያ ላይ ያለ ተራ አስከባሪ የሚሠራው ሥራ ነው።

ለመለያ የሚያገለግለው ቀላሉ ምልክት ዕቃው ከየት መጣ የሚለው ነው። የመክፈያ ማሽኑ፣ የገንዘብ ያዡ ኮምፒዩተርና የጠረጴዛው የኢንተርኔት ስልክ እያንዳንዳቸው በግቢው ውስጥ ቋሚ አድራሻ እንዲይዙ ይደረጋል፤ ደንቡም “ከዚህ አድራሻ የመጣ ሁሉ በሁለተኛው ሰልፍ ይቁም” ይላል። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ለአብዛኛው መደብርም ይበቃል። ሌላው ምልክት ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው፤ ወደ ባንኩ ወይም ወደ ጉምሩክ ኮሚሽን አገልጋይ ኮምፒዩተር የሚሄድ ከማንኛውም ማሽን ቢነሳ ቅድሚያ ይሰጠው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የተቋማቱ አድራሻ አንዳንዴ መለወጡ ነው፤ ደንቡ ሳይታይ ከቆየ ያረጃል።

ፖርት የሚባለው የበር ቁጥር ቀድሞ ጥሩ መለያ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ፖስታ በ25፣ ድረ ገጽ በ80 ቁጥር በር ያልፉ ነበር። ዛሬ ግን የባንኩ ገጽ፣ ዩቲዩብና የፎቶ ማከማቻው ሁሉ ተመስጥረው በ443 ቁጥር በር ይወጣሉ። በጋምቤላም ሆነ በመርካቶ ከሚታዩት የደንብ ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ከዚህ ይመነጫል። “ባንክ በ443 ስለሚሄድ 443 ይቅደም” ተብሎ ይጻፋል፤ ፊልሙም አብሮ ይቀድማል። ሁሉም የክብር እንግዳ በሆነበት ድግስ የክብር ቦታ የለም።

አራተኛው መለያ በጥቅሉ ላይ የሚለጠፍ ማዕረግ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት በእያንዳንዱ ጥቅል ራስጌ ላይ 6 ቢት ለዚሁ ተመድቧል፤ ከ0 እስከ 63 ያሉ 64 ማዕረጎችን ይይዛል ማለት ነው። ለድምፅ የተለመደው ቁጥር 46 ነው፤ ብዙ የኢንተርኔት ስልኮች ራሳቸው ይለጥፉታል። ችግሩ ማንኛውም ኮምፒዩተር በራሱ ላይ 46ን ሊለጥፍ መቻሉ ነው። ስለዚህ ብልህ የሆነ ቴክኒሺያን ከሚታወቁት ስልኮች በስተቀር ከሌላ የመጣን ማዕረግ ሁሉ ራውተሩ በር ላይ ያነሳዋል፤ ራሱ ያተመውን መታወቂያ ይዞ የመጣን ማን ያሳልፋል?

ለተመሰጠረው ጭነት ደግሞ ብዙ ራውተሮች የሚችሉት አንድ ጥሩ ብልሃት አለ፤ በባሕርይ መለየት። አንድ ግንኙነት ከ5 ሜጋ ባይት በላይ ካሳለፈ ክፍያ ወይም አጭር መልእክት አለመሆኑ በግልጽ ይታወቃል፤ ወደ መጨረሻው ሰልፍ ይዛወር ይባላል። በዚህ ዓይነት የቴሌግራም ጽሑፍ እንደልቡ ሲያልፍ በቴሌግራም የተላከው ፊልም ተራውን ይጠብቃል።

የደንቦቹ ቅደም ተከተልም ራሱ ደንብ ነው። በብዙ ራውተሮች ደንብ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ጥቅሉ ከመጀመሪያ ከገጠመው ደንብ ጋር ይሄዳል፤ የታችኞቹን አያይም። ስለዚህ ጠባቡ ደንብ ከላይ፣ ሰፊው ከታች፣ “ሌላው ሁሉ” የሚለው ከሁሉ በታች ይቀመጣል። ሰፊው ከላይ ከተጻፈ የታችኞቹ ደንቦች ለጌጥ ቀሩ።

ወረዳ ኔት የተሸከመው

ልዩ ልዩ ጭነት በአንድ ጠባብ መስመር የማስተላለፍ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአቅም ግንባታ ሚኒስቴር አማካይነት የተዘረጋው ወረዳ ኔት ከ500 በላይ የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይት አንቴና ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነበር። በአንዱ አንቴና የቪዲዮ ስብሰባ፣ የስልክ ድምፅ፣ ኢንተርኔትና የመሥሪያ ቤት ሰነድ አብረው እንዲያልፉ ነው የታቀደው።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል፣ መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ የስልክ ውይይት የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሺኛ ሰከንድ ያልበለጠ ነው። የሳተላይት ጥሪ ገና ሲነሳ ከዚህ አልፏል። በላዩ ላይ ሰነድ ቀድሞት የግማሽ ሰከንድ ወረፋ ቢጨመርበት ተሰብሳቢዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይናገራሉ። ሰነዱ ግን አንድ ደቂቃ ቢዘገይ የሚያውቅበት ሰው የለም። ምደባ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ጭነቶች በመጠን ብቻ ሳይሆን በትዕግሥትም ይለያያሉ።

እንደ አኮቦና ዲማ ካሉ ሩቅ ወረዳዎች ጋር በሳተላይት ለመሥራት የሚያስብ ድርጅት አንድ ነገር መለየት አለበት። የምደባ ደንብ ወረፋውን ያሳጥራል፤ ሰማዩን ግን አያሳጥርም። ግማሽ ሰከንዱ እንዳለ ይኖራል።

ውሳኔው የቴክኒሺያኑ አይደለም

ቴክኒሺያን ደንቡን ይጽፋል እንጂ የትኛው ጥቅል ትርፍ እንዳለው አያውቅም። ለምሳሌ ከጎደሬ የሚመጣ ቡና የሚያቀርብ ነጋዴን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግብይቱ በአዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ በድምፅና በእጅ ምት ነበር፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ተጀምሯል። ለዚህ ሰው ገበያው ክፍት በሆነበት ሰዓት ከደላላው ጋር የሚያደርገው ጥሪና የዋጋ መረጃው ከሁሉ ይቀድማል፤ ከሰዓት በኋላ ግን እንደማንኛውም ነጋዴ ነው።

የሆቴል ባለቤት ነገሩ ይገለበጥበታል። እንግዳው ማታ በክፍሉ ፊልም ማየቱ የሚሸጠው አገልግሎት አካል ነው፤ መጨረሻ ሰልፍ ላይ ቢወረውረው በማግስቱ ሌላ ሆቴል ይፈልጋል። የእንግዳ መቀበያው ክፍያ ግን ትንሽ ስለሆነ ቢቀድም የፊልሙን ምንም አይነካም። ይህ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነጥብ ነው። ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡት ጭነቶች አብዛኛዎቹ ትናንሽ በመሆናቸው፣ እነርሱን ማስቀደም ሌላውን የሚያስከፍለው በጣም ጥቂት ነው።

በጋምቤላ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ተጠልለዋል፤ ለመጠለያዎቹ እህል፣ የግንባታ ዕቃና ትራንስፖርት የሚያቀርቡ ነጋዴዎችም ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ደግሞ የጨረታ ሰነድ በመጨረሻው ቀን በመጨረሻው ሰዓት መላክ የተለመደ ነው። ያን ዕለት ከባዱ ፋይል ራሱ ባለ ቅድሚያ ይሆናል። 5 ሜጋ ባይት ያለፈ ወደ ኋላ ይመለስ የሚለው ደንብ ያን ጊዜ የባለቤቱ ጠላት ነው፤ ስለዚህ ጨረታ የሚላክበት ኮምፒዩተር በአድራሻው ተለይቶ ከዚህ ደንብ በላይ መጻፍ አለበት።

በቁጥር እንየው። ያ መደብር ከ1,000 ኪሎ ቢቱ መላኪያ 900ውን ለክፍፍል ያቀርባል እንበል። ለድምፅ 270 ኪሎ ቢት ይመደባል። በተለመደው አሠራር አንድ ጥሪ 64 ኪሎ ቢት ድምፅ ከነማሸጊያው ከ80 እስከ 90 ኪሎ ቢት ስለሚወስድ ሦስት ጥሪ ይችላል። ለክፍያና ለሒሳብ 300፣ ለዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራ 230፣ ለተቀረው 100። የክፍፍሉ ትርጉም ብዙውን ጊዜ በስህተት ይወሰዳል። 100 የተባለው ፎቶ ከ100 አይለፍ ማለት አይደለም፤ ሌላው ሲፈልግ ከ100 በታች አይወርድም፣ ሌላው ሳይፈልግ ግን ባዶውን ሁሉ መበደር ይችላል ማለት ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ የሠርጉ ፎቶ መስመሩን ሙሉ ይጠቀምበት። ጣሪያ ሊደረግለት የሚገባው ሁልጊዜ ቀዳሚ የሆነው የድምፅ ሰልፍ ነው፤ ጣሪያ ከሌለው አንድ የተበላሸ ስልክ ወይም አንድ ብልጥ ሠራተኛ የሌላውን ሁሉ በር ሊዘጋ ይችላል።

በየመደብሩ ይህን ሥራ የሚያበላሸው ግን ቴክኒክ አይደለም። መጀመሪያ የባለቤቱ ስልክ ቅድሚያ ይሰጠው ይባላል። ቀጥሎ የባለቤቱ ወንድም፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ፣ ከዚያ የልጆቹ ታብሌት። በጥቂት ወራት ውስጥ አንደኛው ሰልፍ ከሁሉ ይረዝማል።

ለምን 900 እንጂ 1,000 አልሆነም?

ከላይ 100 ኪሎ ቢት አስቀርተናል። የከፈልኩበትን ለምን እተዋለሁ የሚል ነጋዴ ቢኖር አይፈረድበትም። ምክንያቱ ወረፋው ሁልጊዜ የሚፈጠረው መንገዱ በሚጠብበት ቦታ መሆኑ ነው። ራውተሩ 1,000 ከላከ ጠባቡ ቦታ ሞደሙ ይሆናል፤ ሞደሙ ደግሞ ደንብ አያውቅም። ራውተሩ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲልክ ግን ወረፋው ተራ አስከባሪው ፊት ይሰለፋል። ከ10 እስከ 15 በመቶ መተው የተለመደ ነው።

በመቀበያው በኩል ነገሩ ይከብዳል፤ ወረፋው ያለው በቴሌኮሙ ማዶ ነውና። ቢሆንም 4 ሜጋ ቢቱ ራውተሩ ላይ ወደ 3.5 ሲገደብ፣ የውጭዎቹ ላኪዎች ጥቅላቸው እንደዘገየ ወይም እንደተጣለ ሲያዩ በራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ማዶ ያለው ወረፋም ይቀላል። ፍጹም አይደለም፤ ግን ይሠራል።

በሞባይል 4ጂ መስመር የሚሠራ ሰው ተጨማሪ ጣጣ አለበት፤ ፍጥነቱ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ጧት 8 ሜጋ ቢት የነበረው ማታ ሁሉም ቤት ሲገባ 2 ቢሆን፣ በ8 የተሠራ ደንብ ማታ የለም ማለት ነው። መለካት የሚገባው በመጥፎው ሰዓት ነው።

ሦስትና አራት ሰው የሚሠራበት፣ ቴክኒሺያን የሌለው ሱቅ ይህን ሁሉ ደንብ ባይጽፍ ይሻለዋል። የቅርብ ጊዜ ራውተሮች ብዙዎቹ “ኤፍኪው ኮደል” ወይም “ኬክ” የሚባል አሠራር አላቸው። ያለ ደንብ እያንዳንዱን ግንኙነት ለየብቻ አሰልፎ ተራ በተራ ያሳልፋል፤ ትንሹ ክፍያ ከትልቁ ፎቶ ኋላ መቆሙ ይቀራል። የመስመሩን ፍጥነት በትክክል ሞልቶ ማብራት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በችኮላ የተጻፈ ሃያ ደንብ ከዚህ አንድ መቆጣጠሪያ አይበልጥም።

ከግቢው በር ውጪ

ነጋዴው በጥቅሉ ላይ የለጠፈው ማዕረግ በተራው ኢንተርኔት ላይ ከግቢው በር አያልፍም ቢባል ይቀላል። ቴሌኮሙ ሊያነሳው ወይም ሊንቀው ይችላል፤ የማክበር ግዴታ የለበትም። በጋምቤላና በአዲስ አበባ ቅርንጫፍ ኖሮት በመካከላቸው የግል መስመር በውል የሚከራይ ድርጅት ግን ጉዳዩን ውሉ ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ለየትኛው ማዕረግ ስንት ኪሎ ቢት፣ መዘግየቱ ከስንት እንዳይበልጥ፣ ካልተፈጸመስ ምን ይደረጋል የሚለውን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ ሳፋሪኮምም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ኢትዮ ቴሌኮም በአገር ደረጃ ብቸኛ ሻጭ መሆኑ ቀርቷል። ገዢ ውል አንብቦ የመደራደር ልማዱን ቢያሳድግ ጊዜው ነው።

ፋይበር ሲቆረጥና መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማንኛውም ደንብ ዋጋ የለውም። ራውተር የሚፈጀው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ባትሪ ለሰዓታት ያቆየዋል። የጋምቤላ ሙቀት በየካቲትና በመጋቢት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ራውተርም ራሱን እያጠፋ ይነሳል፤ ብዙዎች ይህንንም የመስመር ድክመት ይሉታል። ከጣሪያው ወደ ግድግዳው መሃል ማውረዱ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው ፈተና ይህ ነው። ሁሉም ስልክ ከዋይፋዩ ወጥቶ መስመሩ ባዶ ሲሆን፣ “ፒንግ” በሚባለው ትእዛዝ የአንድ ጥቅል የደርሶ መልስ ጊዜ ይለካል። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ፋይል እየተላከ እንደገና ይለካል። በባዶው 60 ሺኛ ሰከንድ የነበረው በጭነት ጊዜ 2,000 ከሆነ በሽታው ወረፋ ነው፤ ደንብ ያድነዋል፤ ሰፊ መስመር መግዛቱ ይቆይ። በባዶውም 600 ከሆነና መስመሩ የሳተላይት ካልሆነ፣ ችግሩ ከግቢው ውጪ ነው፤ ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጽፎ ወደ ቴሌኮሙ መሄድ ያስፈልጋል። በጭነትም በባዶም መዘግየቱ ደህና ሆኖ፣ ሥራው ብቻ የማያልቅ ከሆነ ያኔ መስመሩ በእርግጥ ጠቧል፤ ይገዛ። ፈተናው ለአንድ ሳምንት፣ ጧትና ማታ ቢደረግ ይመረጣል። ሆቴል ወይም የቢሮ ሕንፃ ለመግዛት የሚመጣ ባለሀብትም ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።

ደንቡ ከተጻፈ በኋላ ቅጂው ከራውተሩ ወጥቶ በሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት። ፋይሉ በጣም ትንሽ ነው። ደንቡን የጻፈው ልጅ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የይለፍ ቃሉንም ይዞት ይሄዳል፤ ራውተሩ በመብራት መመላለስ ሲቃጠልም ደንቡ አብሮ ይቃጠላል። ቅጂው፣ የይለፍ ቃሉና ማን ለምን እንደሚቀድም በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ማብራሪያ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ ፋይል ቢቀመጡ የሚመጣው ቴክኒሺያን ከዜሮ አይነሳም።